ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሌለበት ጥያቄ

ትምህርት ቤቶቻችን ለሥነ ጥበብ ያላቸውን ክብር ማወቅ የፈለገ ሰው ፖሊሲ ማገላበጥ አያስፈልገውም። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የክፍለ ጊዜ ድልድል ማየት ይበቃዋል። ሒሳብ ጠዋት ነው። እንግሊዝኛ ጠዋት ነው። ሥዕል አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተው ደወል በሚጠብቁበት ሰዓት ነው። የሚያስተምረው ማን ነው? ክፍለ ጊዜ ያልሞላለት መምህር። የስፖርት ይሁን የግብረ ገብ ለውጥ የለውም፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ጎድሎበት "በዚህ ሙላ" የተባለ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ሰዓቱን ሁልጊዜ አያገኘውም። ፈተና ሲቃረብ የሒሳብ መምህሩ ለማካካሻ ይወስደዋል። "ለምን ተወሰደ?" ብሎ የጠየቀ ወላጅ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ከማካካሻ የተረፈው ሰዓትስ ምን ይሠራበታል? መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጀበና ይሥላል፤ ልጆቹ ወደ ደብተራቸው ይገለብጡታል። በሚቀጥለው ሳምንት ጎጆ ቤት ይመጣል። ከዚያ በሁለት ተራሮች መሀል የምትወጣው ያቺ የማትጠልቅ ፀሐይ ትከተላለች። ጀበናው ጀበና የመሰለለት ልጅ ከ10 ዘጠኝ ያገኛል፤ ያልመሰለለት አምስት። እኔ እንዲህ ተምሬአለሁ፤ ልጆቼም እንዲሁ ተምረዋል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የትምህርቱ ስም "የክወናና የእይታ ጥበባት" ተብሏል፤ መጽሐፉም ከበፊቱ የተሻለ ነው። ጀበናው ግን ከሰሌዳው አልወረደም።

የሥዕል መምህር አይደለሁም፤ ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው። ፈረስ ልሣል ብል ውሻ ነው የሚወጣኝ። ስለዚህ የሥዕል መምህራን ጠበቃ ሆኜ አልተነሣሁም፤ የምከራከረው ስለ ራሴ ክፍለ ጊዜ ነው። የምለው ይህን ነው፦ ዛሬ በሕይወት ያሉ ሠዓሊዎቻችን የሚሠሩት ሥራ ለጂኦግራፊ፣ ለታሪክ፣ ለኬሚስትሪ፣ ለአማርኛና ለዜግነት ትምህርት ካሉን መርጃ መሣሪያዎች ሁሉ ይበልጣል፤ ትምህርት ቤቶቻችን ግን በእጃቸው አይነኩትም። የማይነኩት ድሆች ስለሆኑ ነው የሚባለውን አልቀበልም። ስለሚፈሩት ነው። የሚፈሩትም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሌለበትን ጥያቄ ነው።

ኤልያስ ስሜን እናንሣ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ዛሬ በአለ ፈለገ ሰላም ስም በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገብቶ የተጣለ ኪቦርድ፣ የተፈታታ ማዘርቦርድ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሆድ የወጣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሰበስባል። ሽቦውን ይጎነጉናል፤ በእንጨት ላይ በትንንሽ ምስማር ይቸነክራል። ከራቅ ብለው ሲያዩት ከአውሮፕላን መስኮት የሚታይ መሬት ነው፤ እርሻው፣ ወንዙ፣ የከተማው መንገድ ተዘርግቶ ይታያል። ቀርበው ሲያዩት የማያውቁት ሰው ጣት ለዓመታት የተጫናቸው የኪቦርድ ቁልፎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራዎቹ በቬኒስ ቢየናሌ ዋናው ኤግዚቢሽን ውስጥ ቀርበው ዓለም ተሰልፎ አይቷቸዋል። ሽቦው የተገዛበት መርካቶ አጠገብ የሚማረው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን ስሙን አልሰማም።

ከኤልያስ ሥራዎች የአንዱን ፎቶ ባነር ቤት ወስጄ አሳተምኩና ክፍል ውስጥ ሰቀልኩት። ምንም ሳላብራራ "ምን ታያላችሁ?" አልኩ። አንዱ "ካርታ" አለ። ሌላው የከፍታ መስመሮችን ያስተማርኩትን አስታውሶ "ኮንቱር" አለ። አንዷ "ጥልፍ ነው" ብላ ተከራከረች። ከኋላ ወንበር፣ ዓመቱን ሙሉ ስሙ ሲጠራ "አቤት" ከማለት በቀር ቃል ያልወጣው ልጅ ተነሣና "ይሄ ራም የሚሰካበት ነው፤ ይሄኛው የሲፒዩ መቀመጫ ነው፤ መዳቡ እየወጣ በኪሎ ይሸጣል" አለ። ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ይሠራል። ያን ቀን ክፍሉን ያስተማረው እሱ ነው። መዳቡ ከየት መጣ ብለን ጠየቅን፤ ዛምቢያ ካርታው ላይ ተፈለገች። ኮባልቱስ? ኮንጎ። የት ተገጣጠመ? ቻይና። ማን ተጠቀመበት? አውሮፓ፣ አሜሪካ፣ ዱባይ። የት ወደቀ? እኛ ጋ። የዓለም ንግድ ትስስርን በአንድ ባነር ላይ ዞረን ጨረስነው፤ አንዲት ልጅ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ጨመረችበት፦ "የእነሱ ቆሻሻ እኛ ጋ ሲደርስ ንግድ የሚባለው ለምንድን ነው?" እስከ ዛሬ የተሟላ መልስ የለኝም፤ ስለሌለኝም ደስ ይለኛል።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። ሁለት ጥያቄ ነበረው። "ይህ የትኛው ምዕራፍ ነው?" እና "ፈተና ላይ ይወጣል?" ክፉ ሰው አልነበረም። ሱፐርቫይዘር መጥቶ የትምህርት ዕቅዴን ከተማሪዎቹ ደብተር ጋር ሲያመሳክር የሚጠየቀው እሱ ነው። ባነሩ ወረደ። ከወራት በኋላ የስፖርት ዕቃ መጋዘኑ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲከላከል አየሁት። በርዕሰ መምህሩ አልተናደድኩም፤ የተናደድኩት በሁለቱ ጥያቄዎች ነው። በዚህ አገር የሚነሣን አዲስ ሐሳብ ሁሉ በር ላይ ቆመው የሚመልሱት እነዚህ ሁለት ዘበኞች ናቸው። ምዕራፍ የሌለው ነገር እንደሌለ ይቆጠራል፤ ፈተና ላይ የማይወጣ ነገር እውነት አይደለም።

በእነዚህ ፋንታ ሦስት ሌሎች ጥያቄዎች ልሰጣችሁ። የኒውዮርኩ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ኃላፊ የነበረው ፊሊፕ የነዋይን እና የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አቢጌል ሃውሰን ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጁት ዘዴ ነው፤ በብዙ አገሮች ይሠራበታል፤ ሳንቲም አያስወጣም። ሥዕሉን አሳይ፤ ዝም በል፤ ከዚያ ጠይቅ። እዚህ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ይህን ያልሽው ምን አይተሽ ነው? ሌላስ ምን እናገኛለን? በቃ። መምህሩ የሠዓሊውን የሕይወት ታሪክ አይደረድርም፤ "ልክ ነህ፣ ተሳስተሃል" አይልም፤ ልጆቹ ያሉትን አጥርቶ ይደግምና አንዱን ሐሳብ ከሌላው ጋር ያገናኛል።

ሁለተኛዋን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። "ምን አይተሽ ነው?" ማለት ማስረጃሽን አምጪ ማለት ነው። በቤተ ሙከራ፣ በችሎት፣ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል የሚጠየቀው ይኸው ነው። ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ምስል ሲያዩ ይውላሉ። በሌላ አገር፣ በሌላ ዘመን የተነሣ የሬሳ ፎቶ "ትናንት እዚህ የሆነ" ተብሎ ሲለጠፍ፣ ከስር የተጻፈውን አንብበው ጎረቤታቸውን ይጠላሉ። በዚህ አገር በፎቶ የተቀሰቀሰ ቁጣ ስንት ቤት እንዳፈረሰ የማያውቅ የለም። እና ምስልን ቀስ ብሎ ማየት፣ "ማን አነሣው? ከየት ሆኖ? ያላሳየኝ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ የት ነው የሚማሩት? ጀበና እየገለበጡ? አዋቂዎቹ በሆቴል አዳራሽ ስለ ሐሰተኛ መረጃ የአበል ስልጠና ሲወስዱ፣ ልጁ ባዶ እጁን ከምስል ጎርፍ ጋር ይታገላል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ። የመጀመሪያዎቹ ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው። "ልጆቹ ሒሳብ እየወደቁ፣ ማንበብ እያቃታቸው፣ አንተ ስለ ሥዕል ታወራለህ!" ይሉኛል። እሺ፣ ስለ ውድቀቱ እናውራ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስት ያህሉ ወደቀ። ሥዕል በዝቶባቸው ነው? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋቱን በሙሉ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ሰጥተን፣ የአርቡንም ከሰዓት ቀምተን ጨምረንላቸው ነው ይህ የሆነው። መሥዋዕቱ ታርዷል፤ ዝናቡ ግን አልመጣም። ሥዕል የሒሳብን ውጤት ያሻሽላል ብዬ አልምልም፤ እንዲህ ብሎ የሚምል ነጋዴም አላምንም። የምለው ሥዕልን ማረዱ ሒሳብን አላዳነውም ነው።

ደግሞስ ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ግቢ የገባው ለምን ነበር? በኩረጃ ምክንያት ነው። ስለ ኩረጃ ስንት ስብሰባ ተቀመጥን፣ ስንት የሥነ ምግባር ንግግር ተደረገ። አንደኛ ክፍል የሰሌዳውን ጀበና መገልበጥ ያስተማርነው፣ በትክክል ስለ ገለበጠም ከ10 ዘጠኝ የሸለምነው ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ የጎረቤቱን መልስ ቢገለብጥ ምን ያስደንቀናል? የሠለጠነበትን ሙያ ነው የሠራው።

ሁለተኛዎቹ "ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ ልጆች ባዕድ ነው" የሚሉ ናቸው። እነዚህ ያናድዱኛል፤ የሚከላከሉትን ባህል ስለማያውቁት። ቅኔ ቤት የገባ የቆሎ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ በመመለስ አይመሰገንም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን፣ አዲስ፣ ከእሱ በፊት ማንም ያላለውን እንዲቆጥር ነው የሚጠበቅበት፤ የሌላውን አንሥቶ የራሱ ያስመሰለ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ትርጓሜ ቤት ሲገባ ደግሞ መምህሩ አንዱን ንባብ "አንድም" እያለ በሁለትና በሦስት መንገድ ይፈታለታል፤ ሁለተኛው ፍች የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ተማሪው ሁሉንም ይዞ ማመዛዘን አለበት። ንባብ ቤትና ዜማ ቤት ሽምደዳ እንዳለ አውቃለሁ። እዚያ ግን ሽምደዳ ወደ ቅኔ የሚያደርስ መንገድ ነው። እኛ መንገዱን ወስደን መድረሻውን ተውነው።

እንግዲህ ባዕዱ ማን ነው? ለአንድ ጥያቄ አራት ምርጫ ደርድሮ ሦስቱን ስሕተት የሚለው ወረቀት የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈ ነው። ብዙ ተማሪ በትንሽ ወጪ ለማረም ይመች ዘንድ ነው የተፈለሰፈው። ይህን ከውጭ አስመጥተን "የእኛ" አደረግነው፤ ለአንድ ነገር ብዙ ፍች የሚፈልገውን፣ በአባቶቻችን ደጅ ለዘመናት የኖረውን የአስተሳሰብ ልማድ "የፈረንጅ" አልነው።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣውን አብስትራክት ሥዕል "ይህ የእኛ አይደለም" ያሉት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ፤ ኋላ በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ዛሬ ስድስት ኪሎ አካባቢ በስሙ የተሰየመ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም አለ። "ሀገሬ" የሚለውን ግጥሙን ብዙዎቻችን በቃላችን እንወጣዋለን፤ የአማርኛ መምህራን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል። ያንኑ ሰው ሠዓሊ አድርገው ለተማሪዎቻቸው ያሳዩ ስንቶቹ ናቸው? የግጥሙን ስንኝና የሥዕሉን ቀለም ጎን ለጎን አስቀምጦ "አንድ ሰው ናፍቆትን በሁለት ቋንቋ እንዴት ተናገረ?" ብሎ አንድ ገጽ ማጻፍ ምን ይከብዳል? ይህማ ፈተና ላይ አይወጣም። የሚወጣው "ገብረ ክርስቶስ ደስታ የተወለደበት ከተማ የትኛው ነው?" የሚለው ነው። ሐረር። ሀ።

ሦስተኛዎቹ ሥራውን አይተው ይስቃሉ። "ይህንንማ ልጄም ይሠራዋል!" ይላሉ። ይሥራው እንጂ! የምለምነው እኮ ይህንን ነው። ጋና የተወለደው፣ ናይጄሪያ ንሱካ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ኤል አናትሱይ የተጣለ የአልኮል ጠርሙስ ክዳን ጠፍጥፎ፣ በመዳብ ሽቦ አያይዞ፣ ከግድግዳ እስከ ወለል የሚወርድ ወርቃማ መጋረጃ የሚያክል ሥራ ይሠራል። ቆርኪ ሰብስቦ የተጫወተ ልጅ ይህን ሲያይ በመጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ "ለምን የመጠጥ ክዳን?" ይላል። ያኔ የታሪክ መምህሩ ተራው ደረሰ ማለት ነው። የአውሮፓ መርከቦች ወደ ምዕራብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ይዘው ከሚመጡትና ሰው ከሚለውጡበት ሸቀጥ አንዱ አረቄ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ የባሪያ ንግድ ሦስት ማዕዘን ያለው ቀስት ነው፤ ልጆቹ ቀስቱን ገልብጠው ያልፋሉ። በእጁ ክዳን የያዘ ልጅ ግን ቀስቱ ምን ተሸክሞ እንደሄደ ይገባዋል።

አራተኛዎቹ የሚሉትን ጮክ ብለው አይናገሩም። በሻይ ሰዓት፣ ዞር ዞር ብለው ነው የሚነግሩኝ፦ "ልጆቹ አንድ ነገር ቢሉስ? ወሬው ቢወጣስ?" ይህን ፍርሃት አልንቀውም። መምህር የተናገረው ሳይሆን ተማሪው የተናገረው የሚያስጠይቅበት ጊዜ አይተናል። ነገር ግን እስኪ ሥዕል ይህን ፍርሃት እንዴት እንደሚያቀለው ተመልከቱ። ጁሊ ምህረቱ በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በሰባት ዓመቷ ከቤተሰቧ ጋር ከአገር ወጥታ፣ ዛሬ በዓለም ከታወቁት ሠዓሊዎች አንዷ ሆናለች፤ በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ ሥዕሏ በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። "ሞጋማ" በተባለው አራት ግዙፍ ሸራ ባለው ሥራዋ የካይሮን ታህሪር አደባባይ ሕንፃዎች ከሌሎች አገሮች አደባባዮች ጋር ደራርባ ሥላለች፤ የእኛም መስቀል አደባባይ ከእነዚያ አንዱ ነው። መስመር በመስመር ላይ ተደርቦ የቱ የየትኛው ከተማ እንደሆነ ይጠፋል። ይህን ሥዕል ያየ ተማሪ ስለ ማንም ፓርቲ መናገር አያስፈልገውም። "አደባባይ የማን ነው? ሰው ለምን አደባባይ ይወጣል? የተጨፈለቀው መስመር ምንድን ነው?" ይላል። የዜግነት ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምን ጥያቄ አለው?

ስለ ስደትም እንደዚያው። ከማስተምራቸው ልጆች የስንቶቹ እህት ቤይሩት ወይም ሪያድ ናት፤ ወንድማቸው በሊቢያ በኩል ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል። "ስለ ስደት ተናገሩ" ብላቸው አፋቸውን ይይዛሉ፤ ማንም የቤቱን ቁስል በ60 ሰው ፊት አይገልጥም። የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕል ሳሳያቸው ግን ይናገራሉ። ተስፋዬ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ከዚያ ሽቱትጋርት ተምሮ፣ ለዓመታት ጀርመን የኖረ ሠዓሊ ነው። የሚሥላቸው ሰዎች ገላቸው የተቆራረጠና የተጋጠመ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ የታጨቁ፣ ቀጥ ብለው የሚያዩህ ናቸው። ልጆቹ ስለ ሥዕሉ ሰው ያወራሉ፤ "እግሩ የሌላ ሰው ነው"፣ "ቤቱ የእሱ አይደለም" ይላሉ፤ ስለ ማን እንደሚያወሩ እኔም እነሱም እናውቃለን። የሥነ ልቦና ምክር ክፍል በሌለው ትምህርት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪሊዮን ስትከፍት ያቀረበችው የዚሁ የተስፋዬን ሥራ ነው፤ አዘጋጁም ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ተወልዶ በአሳዳጊ ቤተሰብና በማሳደጊያ ያደገው ገጣሚ ለምን ሲሳይ ነበር። ባለሥልጣናት በኩራት ተናገሩ፤ ቴሌቪዥኑ ዘገበ። መልካም፤ ኩራቱ ይገባናል። ግን ቬኒስ ድረስ የወሰድነውን ሥዕል አንድ ፎቶውን እንኳ ወደ ክፍል ያላስገባ አገር በምን አፉ ነው የሚኮራው? ለውጭ እንግዳ የሚዘረጋው ምንጣፍ ለልጆቻችን ሲሆን ይጠቀለላል።

የጥበቡ ዓለም ሰዎችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። የጋለሪ መክፈቻ ምሽት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ብርጭቆ በእጅ፣ መኪና በደጅ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማብራሪያ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ብቻ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አይታይም። ታደሰ መስፍን የጉልት እናቶችን ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ ምሰሶዎች አድርጎ ሥሏል፤ ሥዕሎቹ ለንደን ደርሰው ተሽጠዋል። ጉልት ላይ ከተቀመጠች እናት ጎን ሆኖ የቤት ሥራውን የሚሠራ ልጅስ መቼ ነው የሚያያቸው? ጋለሪዎች ሆይ፣ ሰኞ ጠዋት በራችሁ ዝግ ነው፤ በወር አንድ ሰኞ ለአንድ ክፍል ተማሪ ክፈቱት። ማብራሪያውን በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ጻፉት። ሠዓሊዎችም "ሕዝቡ አይገባውም" ማለቱን ተዉት፤ ሕዝቡ አልተጋበዘም። ሊሆን እንደሚችል ማየት የሚፈልግ መካኒሳ ይሂድ፤ መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ በጭቃና በጭድ ግድግዳ የገነቡት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም አለ። የአያቶቻችን የግንባታ ጥበብ፣ የአትክልት ቦታና የዘመኑ ሥነ ጥበብ በአንድ ግቢ ይገኛሉ፤ ሕፃናትም እዚያው ይማራሉ። በክልል ከተሞች እንዲህ ያለ ቦታ ቢኖር እያልኩ አልመኝም፤ ምኞት ሰበብ ይሆናል። ፎቶ ይበቃል።

ስለ ገንዘብ የሚነሣውን ሰበብ ደግሞ እዚሁ ልቅበረው። ለወላጆች ቀን "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል ባነር ለማሳተም ገንዘብ የማይጎድለው ትምህርት ቤት፣ በዚያው ባነር ቤት የአይዳ ሙሉነህን ፎቶ ማሳተም አያቅተውም። በዳሎል የጨው ሜዳ ላይ፣ በደማቅ ቀለም፣ ሴቶች ለውሃ የሚከፍሉትን ድካም ያሳየችባቸውን ፎቶዎች አንድ ባነር ላይ አድርጋችሁ በዓመት አሥር ክፍል ማስተማር ትችላላችሁ፤ ለአካባቢ ሳይንስ፣ ለጂኦግራፊ፣ ለአማርኛ ድርሰት። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የሰቀልን አገር ነን እኮ። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ክፍል ስክሪን ተገዛ፣ ሳተላይት ተዘረጋ፤ መምህሩ ጥግ ይዞ ቆሞ ስክሪኑ በማይከተሉት ፍጥነት በእንግሊዝኛ ሲያስተምር ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው አዩ። ስክሪን አልጎደለንም ነበር። የጎደለን "ምን ታያላችሁ?" ብሎ ጠይቆ መልሱን የሚጠብቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ለመምህራን የምለው አጭር ነው፦ ሰርኩላር አትጠብቁ። ከምታስተምሩት ምዕራፍ ጋር የሚሄድ አንድ የዘመናችን ሥራ ምረጡ፤ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ አርባ ደቂቃ ዝም ማለት ልመዱ። የትምህርት ዕቅዳችሁ ላይ "መርጃ መሣሪያ" በሚለው ቦታ የሠዓሊውን ስም ጻፉ። ሱፐርቫይዘሩ "ይህ ማን ነው?" ብሎ ከጠየቀ እሱም አንድ ነገር ተማረ ማለት ነው።

ለትምህርት ሚኒስቴርና ፈተና ለሚያዘጋጁት ግን የምለው ሌላ ነው። ይህ አገር ለፖሊሲ አይታዘዝም፤ ለሥልጠና አይታዘዝም፤ እንደኔ ላለ ዓምደኛማ ጭራሽ አይታዘዝም። የሚታዘዘው ለፈተና ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ ነው "ፈተና ላይ ይወጣል?" ያለኝ፤ ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። እንግዲያው ይውጣ። በብሔራዊ ፈተናው ውስጥ አንድ የዘመናችን ሠዓሊ ሥራ፣ ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ ቦታ፣ ከላዩ አንድ ትእዛዝ፦ ያየኸውን ጻፍ፤ ለምን እንዳልከውም አስረዳ። "ማን ያርመዋል?" ትላላችሁ። መምህራን ያርሙታል። ይከብዳል፣ ይዘገያል፣ ገንዘብ ያስወጣል፤ ማሰብን መመዘን ሁልጊዜ ከማሽን ንባብ ይወደዳል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች የጻፉትን አንብበን እንደማናውቅ አስቡት፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት በኋላ የምናውቀው የትኛዋን ፊደል እንደመረጡ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ውርደት ምን አለ?

ያቺ አንዲት ጥያቄ የወጣች ዕለት፣ በማግስቱ የሚሆነውን ከአሁኑ ልንገራችሁ። አስጠኚ ድርጅቶች ሙዚየም ይጎርፋሉ። ወላጆች "ልጄ ስንት ኤግዚቢሽን አየ?" ብለው ትምህርት ቤት ይወቅሳሉ። ሥዕል ወደ ጠዋት ይዛወራል። ሒሳብ ወደ አርብ ከሰዓት ተገፍቶ ይጮኻል፤ ያኔ እኔ ለሒሳብ ጥብቅና እቆማለሁ።